የገላግሌ ዋስ

አባየ ውሻቸው እንዲከተብ ዋስ ጠየቁ። ለበሬ አይደለም፣ ለመሬት አይደለም፣ ለጋብቻም አይደለም፤ ለመርፌ። ከቡሬ የመጣው የእንስሳት ሐኪም በአንድ እጁ መርፌውን፣ በሌላው የውሻውን አንገት ይዞ ደርቆ ቀረ። እኔን ግን ብዙም አልገረመኝ፤ የአድማሴ ልጅ ነኛ።

አባየ በዕድሜያቸው ያለ ዋስ የፈጸሙት ነገር ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ በሬ ሊገዙ ቡሬ ገበያ ሲሄዱ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። በሬው ቢወፍርም ቢያምርም፣ ሻጩ በማርያም በሚካኤል ቢምልም፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጉና «መልካም፤ ዋስ ጥራ» ይላሉ። ሻጩ ከገበያተኛው መሀል የሚያውቀውን ሰው ጎትቶ ያመጣል። የመጣው ሰው በሬው የሌባ እንዳልሆነ፣ ቀንበር ሲጭኑበት እንደማይተኛ፣ ሆዱም ደኅና እንደሆነ ዋስ ይሆናል። ሽያጩ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ ሸንኮራዬን እየጋጥሁ የሰዎቹን ፊት አያለሁ።

ያ ገበያ ሲናፍቀኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ የበርበሬው ሽታ ነው። በማዳበሪያ ታጭቆ በተደረደረበት በኩል ስናልፍ አባየ በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫዬን ይሸፍኑልኛል። እማየ በዚያው መስመር ላይ በርበሬዋን ዘርግታ ትሸጣለች። እንደማታውቀን ሆና «ጌታው፣ በርበሬ አይገዙም?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ኮስተር ብለው «ዋስ ካለሽ» ይሏታል። በየገበያው ይችኑ አንድ ቀልድ ይቀልዳሉ፤ በየገበያውም አዲስ እንደሰማ ሰው ይስቃሉ። እኔ አፍር ነበር። ዛሬ ያን ቀልድ አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው የማልሰጠው ነገር የለም።

እማየ፣ አስካለ ማርያም፣ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ቀሚሶቿን ለዘመድ ሰጠናቸው፤ በርበሬ የምትተክልበትን መሬት ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል። በሕይወት ያለ፣ ከእሷ እጅ የቀረ ነገር ቢኖር ገላግሌ ነው። እናቱን አስፋልት ላይ መኪና ገጭቶ ሲገድላት ዓይኑ እንኳ ያልተገለጠ ቡችላ ነበር። እማየ ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከረች እያጠባች አሳደገችው። ያኔ ከጎረቤታችን ከአያ ስሜነህ ሚስት ጋር በዶሮ ተጣልተው መነጋገር ትተው ነበር። ሴትዮዋ ቡችላው አሳዝኗት ወተት ይዛ ትመጣለች፤ አንዷ ስታጠባ ሌላዋ ትይዛለች፤ እንዲህ እያሉ ሳያውቁት ታረቁ። ስሙም ገላግሌ ተባለ።

ገላግሌ አሁን አርጅቷል። አፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ ሲነሳ የኋላ እግሩ ቶሎ አይታዘዘውም። ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። እማየ በሕይወት ሳለች ከገበያ በሚኒባስ ስትመለስ ገላግሌ እስከ መታጠፊያው ወርዶ ይቀበላት ነበር። ዛሬም በገበያ ቀን ይወርዳል። ጠዋት ሰዉ ሸክሙን ይዞ ሲያልፍ ስለሚያይ ቀኑን አይስተውም። ከሰዓት በኋላ መታጠፊያው ላይ ይተኛና ከሚኒባስ የሚወርደውን ሴት ሁሉ ያያል። አባየም «ውሻውን ልመልሰው» ብለው ይከተሉታል፤ ግን ቶሎ አይመልሱትም። እዚያ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ አብረውት ይቆያሉ።

ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። አዘውትሬ የማልሄደው መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል፣ ስልኩም እንደዚያው ነው። ሲከፈት ደግሞ ሥራው ይቆለላል። አባየን ከእኔ ጋር ኑሩ ብዬ ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። «ውሻውን ለማን ትቼ?» ይሉኛል። ፍኖተ ሰላም ይዘነው እንሂድ ስላቸው «መታጠፊያውን ከየት ታመጭለታለሽ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።

ነገሩ የመጣው በዚህ ክረምት ነው። መንገድ በመዘጋቱ በቆሎ የሚገዛ ነጋዴ አልመጣም፤ እህሉ በየጎተራው ከረመ፤ አይጥ እንደ አሸን ፈላ። በነሐሴ የአያ ስሜነህ ውሻ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ሞተ። ሐኪሙ አይጥ በሽንቷ የምታስተላልፈው በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለ። ውሻ አይጥ ሲያድን ወይም ከኩሬ ሲጠጣ ይይዘዋል፤ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል። አያ ስሜነህ ራሳቸው ውሻቸውን በቀበሩ ሰሞን በትኩሳት ተኝተው ሰነበቱ። ወባ ይሁን የውሻው በሽታ የለየለት ሰው የለም፤ ብቻ ዳኑ።

ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። እማየ ከሞተች ወዲህ ገላግሌ የሚያድረው ውስጥ፣ ከአባየ መደብ ግርጌ ነው። አይጥ ያድናል፣ ከኩሬው ይጠጣል፣ መጥቶ እግራቸው ሥር ይተኛል። ሐኪሙ ለዚህ በሽታ ክትባት እንዳለው ስሰማ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። የፈራሁት ለአባቴ ነበር። እሳቸው የፈሩት ለውሻው መሆኑን የገባኝ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሚፍታህ ይባላል። የቡሬው እህል ነጋዴ የአቶ ኢስሃቅ ልጅ ነው፤ አባቱ የእማየ የበርበሬ ደንበኛ ነበሩ። በረዶ የተሞላች ሣጥኑን ከሞተር ሳይክሉ ፈትቶ ከጓሯችን ዋንዛ ሥር ተቀመጠ። የመስከረም እሸት በቆሎ ተጠብሶ ቀርቧል። አያ ስሜነህም ነገር በሸተተበት የማይቀሩ ሰው ናቸውና ገና ሳይጠሩ መጥተው ቦታ ይዘዋል።

«አያ አድማሴ፣ የእብድ ውሻው ክትባት ግዴታ ነው፤ ጥር ላይ ሰጥተነዋል» አለ ሚፍታህ። «ይኸኛው ግን በፈቃድ ነው። እኔ ሁለቱንም ወገን ልንገርዎትና እርስዎ ይወስኑ።»

«ንገረኝ» አሉ አባየ።

ነገራቸው። በሽታው ሩቅ አይደለም፣ ከአጥር ወዲያ ማዶ ውሻ ገድሏል። ገላግሌ አይጥ አዳኝ ነው፤ ከሰው ጋርም ያድራል። ቢከተብ ለእሱም ለቤቱም ይበጃል። በሌላ በኩል ደግሞ አርጅቷል። ጥር ላይ ሲከተብ ፊቱ አብጦ ነበር፤ ይኸኛው ክትባት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመጣ ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶ አያበቃም፤ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ያም ሆኖ የበሽታውን ዓይነት ሁሉ አይከላከልም።

አባየ የበቆሎውን ፍሬ አንድ በአንድ እየፈለፈሉ ሰሙት። «እንግዲያ ይዳን ይሙት አታውቅም ማለት ነው።»

«አብዛኛው ውሻ ምንም አይሆንም።»

«አብዛኛው የማን ውሻ ነው? እኔ ያለኝ አንድ ነው።»

እኔ ደግሞ ነገር ሲንዛዛ አልወድም። «አባየ፣ እርስዎስ? ውሻው እኮ ከእርስዎ ጋር ነው የሚያድረው። አያ ስሜነህ እንዴት ሆነው እንደሰነበቱ አላዩም?»

«የእኔ ወባ ነው» አሉ አያ ስሜነህ ፈጠን ብለው። ከውሻዬ ተያዝኩ ማለት ማን ይወዳል? ቀጥለውም «የተከተበ ውሻ ይፈዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌባ ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል አሉ» ብለው ጨመሩበት።

«አያ አድማሴ፣ ጥር ላይ ከተከተበ ወዲህ ጩኸቱ ቀንሷል?» አለ ሚፍታህ።

«ባሰበት እንጅ። አንዳንድ ቀን እኔንም አላስገባ ይለኛል።»

«እንግዲያው ይተውና ውጭ ይደር» አልኩ። «ካልተከተበ ከቤት ይውጣ። በቃ።»

አባየ ቀና ብለው አዩኝ። «አስካለ ያሳደገችውን ውጭ አላሳድርም።» እማየ ብትኖር ገላግሌን ከመደቧ ሥር ብታገኘው በማማሰያ ታባርረው እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም ግን ይህን አልተናገርንም። ብቻ አባየ ከንፈራቸውን ነከስ ሲያደርጉ አየኋቸው፤ ሳቅ መጥቶባቸው ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

ገላግሌ በመሀላችን ተጋድሞ የበቆሎ ቆረቆንዳ እየጋጠ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እሱ እንደሚነጋገር የገባው አይመስልም። አባየ እጃቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ቢከተብ ይሞትብኛል፣ ባይከተብ ይታመምብኛል፤ ፊታቸው ላይ ሁለቱም ነገር ይነበብ ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን አነሱ።

«መልካም» አሉ። «አዘጋጅ።»

ሚፍታህ መርፌውን ሞላ፤ የገላግሌን አንገት ያዘ። ያን ጊዜ ነው አባየ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደረጉት። እኔ የሚመጣውን ወዲያው አወቅሁ።

«ዋስ ጥራ» አሉት።

ሚፍታህ መጀመሪያ ሳቀ፤ እሳቸው እንዳልሳቁ ሲያይ አቆመ። «ለምኑ ነው ዋስ የምጠራው?»

«ለመርፌህ። ውሻዬ አንድ ነገር ቢሆን ማንን እጠይቃለሁ?»

«መድኃኒት እኮ ዋስ የለውም፣ አያ አድማሴ። እኔ የምችለው የመጀመሪያውን ሰዓት አብሬው መቀመጥ ነው። እብጠት የሚያበርድ መድኃኒትም ይዣለሁ። ከዚህ በላይ ቃል መግባት አልችልም።»

«ደግ ልጅ ነህ፤ አባትህም ደግ ነው። በሬ የሚሸጡልኝም ደጎች ነበሩ። ዋስ ግን ይጠሩ ነበር።»

ሚፍታህ ወደ አያ ስሜነህ ተመለከተ። አያ ስሜነህ እጃቸውን አነሱና «እኔን ተወኝ፤ የራሴን ቀብሬ ነው የመጣሁት» አሉ። መርፌው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሣጥኑ ውስጥ በረዶው ይቀልጣል፤ እኔም ደሜ ፈላ። እነዚህ ሰዎች እስኪስማሙ ውሻው በራሱ ጊዜ በእርጅና ይሞታል ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። «ውጋው።»

«አንች?» አሉ አባየ።

«እኔ። ምነው፣ እናትነሽ አድማሴ ለውሻ ዋስ አትበቃም?»

አያ ስሜነህ ወዲያው ዳኛ ሆኑ፤ ዕድሜ ልካቸውን በእንዲህ ያለ ነገር የኖሩ ሰው ናቸው። «ባዶ እጅ ዋስነት የለም፣ ልጀ። ውሻው ቢጠፋ ምን ትተኪያለሽ?»

«ሌላ ውሻ…» ማለት ስጀምር አባየ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነው። እኔም ተናድጄ ሳላስብበት አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ገላግሌ አንድ ነገር ቢሆን በየገበያው ቀን ከፍኖተ ሰላም እየመጣሁ፣ መታጠፊያው ላይ በእሱ ቦታ እኔ ከእርስዎ ጋር እቀመጣለሁ።»

አባየ መሬት መሬት አዩ። በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«ይከብድሻል» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሥራ አለሽ።»

«ብያለሁ፣ አባየ።»

«ተብሏል» አሉ አያ ስሜነህ። «ደግሞ ዋስ የሚወርደው አደጋው ሲያልፍ ነው። ሐኪሙ፣ አደጋው መቼ ያልፋል?»

ሚፍታህ በሞተሩ ነድቶ ቢጠፋ ደስ እንደሚለው ያስታውቃል። «ክፉው የመጀመሪያው ቀን ነው። ለጥንቃቄ አንድ ቀን ይጨመርበት።»

«እንግዲያ እስከዚያ ዋሷ ከውሻው አትለይም» ብለው ፈረዱ አያ ስሜነህ። እኔ በዚያው ዕለት ልመለስ ነበር የመጣሁት። አባየ ግን ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ከውስጥ መደብ ሲጠርጉ ሰማኋቸው።

ገላግሌ ሲወጋ አዛጋ። ሚፍታህ ቃሉን ጠብቆ ብዙ ቆየ፤ ምንም ምልክት ሲያጣ ተሰናብቶን ሄደ። እኔም በልቤ ይኸው፣ ይህን ሁሉ ያካበዱት ለዚህ ነው አልኩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የውሻው ፊት ማበጥ ጀመረ። አፉ ተነፋ፤ ዓይኖቹ በእብጠቱ ውስጥ ጠፉ። አባየ ተንበርክከው ጆሮውን እያሻሹ «አለሁ፣ አለሁ» ይሉታል። ስልክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው፤ ቀሚሴን ሰብስቤ እንደ ልጅነቴ ሽቅብ ሮጥኩ። ለማን እንደምሮጥ ያኔ በደንብ ገባኝ። ውሻው ቢሞት አባየ መታጠፊያው ላይ ምን ይጠብቃሉ? ሰው ብቻውን እዚያ ቢቀመጥ ምን እያደረገ ነው ይባላል?

ሚፍታህ ገና ቡሬ ሳይገባ ነበር በስልክ ያገኘሁት። ተመልሶ መጣ፤ ሌላ መርፌ ወጋው፤ ትንፋሹን አዳመጠ። «መተንፈሻው ደኅና ነው። እስከ ንጋት ይቀንሳል» አለን። ሲሄድ አባየን ቀና ብሎ ማየት ከብዶት ነበር። አባየ ግን ትከሻውን መታ አድርገው «ተመልሰህ መጥተሃል፤ ይበቃል» አሉት።

አባየ ውሻውን በጋቢያቸው ጠቅልለው አስገቡት። እኔ የእማየ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ጠረኗን ከትራሱ ፈለግሁት፤ የለም፣ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። እንዴት እንደናፈቀችኝ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባየ ዝም በይ አላሉኝም፣ አላባበሉኝም። ቆይተው ማውራት ጀመሩ።

«እናትሽን ሳገባ ዋሷ አጎቷ ነበር» አሉ። «ሰርገኛው ፊት ተነስቶ ‹ልጅቱ ደግ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ በዚህ ዋስ ነኝ። ቁጡ ናት፤ በእሱ ግን ዋስ አይደለሁም፣ ነግሬሃለሁ› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ይሁን አልኩ። ምን እላለሁ? ዓይኗን አይቻለሁ።» ከዚያ ሳቁ። «ቁጣዋን ለአንች ትታልኝ ሄደች። ዛሬ ‹ውጋው› ስትይ እሷ የተናገረች መስሎኝ ነበር።»

አባየ እንደዚያ ሲስቁ ከቀብሯ ወዲህ አልሰማሁም ነበር። ስለ በርበሬው ቀልድም አነሳሁባቸው። እሷ እኮ ናት የጀመረችው አሉኝ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የእሳቸው ይመስለኝ ነበር። ገላግሌ በመሀላችን በከባዱ ይተነፍሳል፤ ሁለታችንም በየመሀሉ ዝም እያልን እናዳምጠዋለን።

ሲነጋ ዓይኖቹ ተገልጠው አገኘናቸው። ረፋድ ላይ እንጀራ በወተት በላ። አባየ ጎንበስ ብለው ምጣዱ ላይ እንዳለ ቂጣ አገላብጠው መረመሩት፤ ከዚያ ቀና ብለው «ደኅና ነው» አሉ። እፎይ አልኩ፤ እልል ብል ደስ ባለኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከሰዓት ገላግሌ ተነሳ፤ ጎተት ጎተት እያለ ወደ መታጠፊያው ወረደ። አባየና እኔ ተከተልነው። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ገላግሌ ራሱን ያነሳል፤ የወረዱትን ሴቶች እግር እግራቸውን ያያል፤ መልሶ ራሱን መሬት ላይ ያኖራል። እውነቱን ለመናገር እኔም የሚወርዱትን አይ ነበር። ነጠላዋን አጥብቃ ባዶ ማዳበሪያዋን በብብቷ ይዛ የምትወርድ ሴት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። አባየ ይህን ሁሉ ገበያ እንዴት ብቻቸውን እንደቻሉት አላውቅም።

አያ ስሜነህ ከገበያ ሲመለሱ አባየ ከድንጋዩ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስሜነህ፣ ስማልኝ» አሉ። «ውሻው ደኅና ነው። ልጀ ከዋስነቷ ወርዳለች፤ ምንም የምጠይቃት የለኝም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አያ ስሜነህ።

ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ መጣ። አባየ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙልኝ። «ሂጅ ልጀ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል» አሉኝ። ከዕዳ የወጣ ሰው ሰውነቱ ይቀለዋል ይባላል፤ እኔን ግን ከበደኝ። በመስኮት ዞሬ ሳይ አባየ ወደ ድንጋዩ ተመልሰዋል፤ መሀሉ ላይ ግን አልተቀመጡም። እኔ የነበርኩበትን ቦታ ክፍት ትተው ጫፉ ላይ ነበሩ።

ክትባቱ የሚደገምበት ጊዜ ሲቃረብ ሚፍታህ ቢሮ ሳለሁ ደወለልኝ። ፊት ለፊቴ ባለጉዳይ ተሰልፏል።

«እት እናትነሽ፣ ሁለተኛውን ባንሰጠው ይሻላል» አለኝ። «እንደዚያ ካበጠ በኋላ ቢደገም የባሰ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ብቻውን ብዙም ላይጠቅመው ይችላል፤ ግን ኩሬው ተደፍኗል፣ ጎተራውንም ከመሬት ከፍ አድርገን አይጡን ቀንሰነዋል። ለአባትሽም አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሲደውሉልኝ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ሌላ ክትባት የለም ወይ አሉኝ።»

«የምን ሌላ?»

«እኔም እንደዚያው ጠየቅኋቸው። ‹የማያሳብጠው ይሁን፤ ዋስ የሚያስጠራ ግን ይሁን› አሉኝ።»

ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቀኛል።

«የቀረው የእብድ ውሻው ነው፤ ጥር ላይ ዓመቱ ይሞላል» ብሎ ቀጠለ ሚፍታህ። «እሱ ግን ግዴታ ስለሆነ ዋስ አያስፈልገውም አልኳቸው። ‹እንዲያ ነው?› አሉና ስልኩን ዘጉት።»

«ሚፍታህ፣ መልሰህ ደውልላቸው» አልኩት። «እሱም ዋስ ያስፈልገዋል በላቸው። ዋሷም እስከ ጥር ድረስ በየገበያው ቀን እየመጣች ውሻውን ማየት አለባት በላቸው።»